በጨረቃ አይዋሽም

ከዓረብ አገር ስመለስ ይዤ የመጣሁት ትልቁ ዕቃ ቴሌስኮፕ ነበር። ሌላው ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ጭኖ በሚገባበት መካነ ሰላም፣ እኔ በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ረጅም ነጭ ቱቦ ታቅፌ ከአውቶብስ ወረድኩ። ቦሌ ላይ የጉምሩክ ሠራተኞች አስፈትተውኝ ነበር፤ ኮከብ ማያ ነው ስላቸው እርስ በርስ ተያዩና በይ እሰሪው አሉኝ። እናቴ ግን እንደነሱ በቀላሉ አላለፈችኝም። ጥቅሉን ፈትታ፣ በአንዱ በኩል አጮልቃ፣ አዙራም በሌላው በኩል አጮልቃ፣ «ይኸ ሁሉ ዓመት ለቧንቧ ነው?» አለች። ወሬው በማግስቱ ገበያ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ስሜን ትቶ «ባለቧንቧዋ» ይለኛል። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ ከፍቶኛል። ነገር ግን ሰው ሲስቅብኝ የሚብስብኝ ዓይነት ነኝ። እናቴ ይህን ግትርነት ከአባትሽ ወገን ነው የወረስሽው ትላለች፤ አባቴ ደግሞ ከእናትሽ ወገን ነው ይላሉ።

ቴሌስኮፑ የምሠራበት ቤት ልጆች ነበር። ሲሰለቻቸው ጣሪያ ላይ፣ እኔ ልብስ ከማሰጣበት ገመድ ሥር ጥለውት ከረመ። አንድ ምሽት የደረቀ ልብስ ላነሳ ስወጣ የቤቱ ታናሽ ሴት ልጅ ስትነካካው አገኘኋትና ነይ እዪ አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በጥቁሩ መሐል አንዲት ትንሽ ቢጫ ኳስ ቀለበት አጥልቃ ቁጭ ብላለች። መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ሥዕል መስሎኝ የቱቦውን አፍ በእጄ ጋረድኩት፤ ጠፋች። እጄን ሳነሳ ተመልሳ መጣች። ልጅቱ ስሟን ነገረችኝ፤ ዙሐል። ስሙን አውቀዋለሁ፤ ደብተራዎች የሰው ኮከብ ሲቆጥሩ የሚጠሩት ያው ዙሐል ነው። እዚያ ቤት ውስጥ የምነካው ሁሉ የሌላ ሰው ነበር፤ ሳህኑም፣ ልብሱም፣ ቀኑም። ያቺን ግን ማንም የኔ ናት፣ አትንኪያት ሊለኝ አይችልም። ልብሱን እንደታቀፍኩ ቆሜ አለቀስኩ። አባቴ ይህን እንዲያዩ አደርጋለሁ ብዬ ለራሴ የማልኩትም ያን ጊዜ ነው። ጊዜዬ አልቆ ስሰናበት እመቤቲቱ ከዚህ ቤት ምን ልስጥሽ ብትለኝ ወደ ጣሪያው ጠቆምኩ።

ከሰው ሁሉ አባቴን ያሰብኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበሬ ናቸው፤ አገሩ የሚያውቃቸው ግን በዓይናቸው ነው። ከማዶ ሸንተረር ላይ የሚግጥ በሬ አይተው የማን እንደሆነ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ቤት የሚሠራ ሁሉ ቋሚ ከመቁረጡ በፊት እሳቸውን ይጠይቃል፤ በእኛ አገር ለቤት የሚሆን እንጨት የሚቆረጠው ጨረቃ ስትጠፋ ነውና። ጨረቃ ሙሉ ሳለች የተቆረጠውን ነቀዝ ይበላዋል ይባላል። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን የረመዳኑ ነገር ነው። የረመዳን ጨረቃ የምትጠበቅ ዕለት ጎረቤታችን ሼሁ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ጉብታ ሲወጡ ክርስቲያኑን አባቴን ይዘው ነው። የልጅነት ወዳጆች ናቸው። ፀሐይ እንደገባች አባቴ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ምዕራቡን ይቃኙና «ያቻት» ብለው ያመለክታሉ። የእሳቸው ቃል ለጾሙ አይቆጠርም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሼሁ ጣታቸውን ተከትለው በገዛ ዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው ምስክርነቱ የሚሰጠው። ልጅ ሳለሁ የረመዳንን ጨረቃ የሚያወጧት አባቴ ይመስሉኝ ነበር።

ስመለስ አባቴ አርጅተው አገኘኋቸው። ሲራመዱ ዱላቸውን ወደ ፊት ያስቀድማሉ፣ ደጃፍ ሲደርሱ መቃኑን በእጃቸው ይዳስሳሉ። ዕድሜ ነው አልኩ። የገጠሩን መሬት ለዘመድ ሰጥተው ከእናቴ ጋር ከተማው ዳር፣ ከድሮው ቤታችንና ከሼሁ ብዙ ሳይርቁ፣ ገብተው ነበር፤ እኔም ገበያው አጠገብ የስፌት መኪናዬን ተክዬ ሥራ ጀመርኩ። ከቴሌስኮፑ መቆሚያ አንዱ እግር በመንገድ ተሰብሯል። የሰፈሩ አናጢ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ምትክ ሊሠራለት ሲነሳ አባቴ አስቆሙት፤ ጨረቃዋ ሙሉ ናት፣ ትንሽ ታገሱ አሉ። ለአንድ ክንድ ለማይሞላ እንጨት። እኔ በንዴት ልፈነዳ ነበር፤ እሳቸው ግን የፈረንጅ ዕቃም ቢሆን በነቀዘ እግር አይቆምም ብለው ጨረቃ እስክትጠፋ አስጠበቁን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻዬን ተማርኩት። የሚያስተምረኝ ሰው አልነበረም፤ ክረምቱም ገና አልወጣም ነበር። ደመናው ሲገለጥ እወጣለሁ፣ ሲከደን እገባለሁ። መጀመሪያ ያገኘኋት ጨረቃን ነው። ከሩቅ ስትታይ የተወለወለች ትመስላለች እንጂ ስትቀርብ ዝናብ ደብድቦት የደረቀ የጭቃ ወለል ናት፤ ጉድጓድ በጉድጓድ። ትናንሾቹ ኮከቦች ግን አስቸገሩኝ። ችግሩ ማግኘቱ ሳይሆን ማቆየቱ ነው። ምድር ትዞራለች ሲባል ትምህርት ቤት ሸምድጄዋለሁ፤ ቱቦው ሥር ስጎነበስ ነው የገባኝ። ያነጣጠሩባት ኮከብ ቆማ አትጠብቅም፤ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው እየተንሸራተተች ትወጣለች። ወዲያው ካላዩዋት ሄደች ማለት ነው፤ ቱቦውን እየገፉ መከተል ያስፈልጋል። እኔ መከተል አላቃተኝም። ጣቴ በብርድ እየደነዘዘ፣ እናቴ ግቢ እያለች እየተጣራች፣ አንድ ቀን ዙሐልን ከእነቀለበቷ በገዛ ግቢዬ አገኘኋት።

በዚህ ዘመን በሦስት እግር የቆመ ረጅም ቱቦ በሰው ግቢ ሲታይ ጥያቄ ያስነሳል። ስለዚህ ሳይመጡብኝ ቀድሜ የቀበሌውን ሰዎች ጠራኋቸው። ጨረቃን አሳየኋቸው፤ አይተን አመስግነናል ብለው፣ ቱቦውን ወደ ሰማይ ብቻ እንዳዞረው አስጠንቅቀውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ እናቴ ልቧ ሞላ። ሰው በሩቅ ከሚስቅብን ገብቶ ይየው አለች፤ ዳቦ ጋገረች፣ ቆሎ ቆላች፣ ሻይ አፈላች፣ ጎረቤቱንም ጠራች።

ጥቅምት ነበር፤ ሰማዩ ጠርቷል። ፀሐይ ገብታ ኮከብ መታየት እንደጀመረ ዙሐልን ከመሐል አስቀመጥኩና ይምጡ አልኩ። ማንም አልመጣም። ከተጠሩት መሐል የነበሩት ቄስ ለአባቴ ይቅደሙ አሉ። አባቴ ኧረ በሞቴ እርስዎ እያሉ እንዴት አሉ። ቄሱ ዞረው ሼሁን ጋበዙ፤ ሼሁ ደግሞ ካህን እያለ አይሆንም አሉ። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን እኔ መጨረሻ ነኝ እያሉ ወደ ኋላ ሲሸሹ ከእናቴ ጋር ተጋጩ። በመጨረሻ ቄሱ እየተገፉ ቀርበው ጎንበስ አሉ። ወዲያው ቀና ብለው የእግዚአብሔር ሥራው ዕጹብ ነው አሉ። አባቴ ተከተሉ፤ ዕጹብ ነው፣ ተባረኪ ልጄ አሉኝ። አሮጊቷም አዩ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑ። የተቀሩትም እንዲሁ። እናቴ ዙሐልን እሷ ጋግራ ያቀረበቻት ይመስል ራሷን ቀና አድርጋ ሻይ ትቀዳለች። እኔም ደስታው ሊያስለቅሰኝ ደርሷል፤ ባለቧንቧዋ ቀርታለች ብያለሁ።

መጨረሻ ሼሁ ቀረቡ። ጎንበስ አሉና እንደሌሎቹ ወዲያው አልተነሱም። ቆዩ። ዓይናቸውን ጠርገው እንደገና አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ቀስ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ እኔ ምንም አላየሁም» አሉ።

የእናቴ እጅ የሻዩ ማንቆርቆሪያ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። በእኛ አገር ሰው ያቀረበልህን አልጣመኝም አይባልም፤ ያሳየህንም አላየሁም አይባልም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ቄሱ ነገሩን ለማብረድ ትንሽ ዘንበል ብለው ይዩት አሉ። ሼሁ ግን ከቃላቸው ፈቀቅ አላሉም።

«ዘንበል ብያለሁ፤ ጨለማ ነው። አፉ በሉኝ፣ እኛ ዘንድ አንድ ሰው አየሁ ካለ አገር ይጾማል። በጨረቃ አይዋሽም፤ በኮከብም ያው ነው።»

ሮጬ ጎንበስ አልኩ። ጥቁር ነው። ዙሐል የለችም። ቄሱና አባቴ ይቅደሙ፣ ይቅደሙ ሲባባሉ እሷ ጥላን ሄዳለች። ያ ሁሉ ሰው ባዶ ጨለማ እያየ ነው ያመሰገነኝ። ደሜ ፈላ። እንግዳ ባይሆኑ ኖሮ አንድ በአንድ እናገራቸው ነበር። ዙሐልን መልሼ አገኘሁና ከዚህ በኋላ ይቅደሙ የሚል ሰው ቱቦውን አያይም ብዬ ሼሁን በክንዳቸው ይዤ አስጎነበስኳቸው። ትንሽ ቆዩና «ሱብሐነላህ» አሉ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው። እናቴን ጎተትኳት፤ ጆሮ አላት እንዴ አለች። ቄሱ እንደገና አዩና ቀለበቱ በምን ተይዞ ነው የማይወድቀው ብለው ጠየቁኝ። አሮጊቷ እዚያ ሰው አለ ወይ አሉ። ያን ምሽት አንድ ነገር ተማርኩ፤ በእውነት ያየ ሰው አያመሰግንም፣ ይጠይቃል።

አባቴን መጨረሻ አቀረብኳቸው። ዙሐል ከመሐል እንዳለች በዓይኔ አረጋግጬ ነው የጠራኋቸው። ጎንበስ አሉ፤ ወዲያው ቀና አሉ። «ዕጹብ ነው፤ ተባረኪ ልጄ።» ያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ። እሳቸው እንደተነሱ ተሻምቼ አየሁ። ዙሐል እዚያው ናት፤ ገና ጠርዙ ጋ እንኳን አልደረሰችም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ለማንም አልተናገርኩም። ሌሊቱን ግን ዱላው፣ የመቃኑ ዳሰሳ፣ ሁሉም እየመጣ ፊቴ ላይ ቆመ። ለካ ያን ጊዜ ጨረቃዋ ሙሉ ናት ያሉን አይተዋት አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያኑን የጨረቃ ቁጥር በቃላቸው ስለሚያውቁ ቆጥረው ነው። ሙሉ ጨረቃ በራሳቸው ላይ በርታ አላዩዋትም ማለት ነው።

እርግጠኛ መሆን ነበረብኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ጨረቃዋ ግማሽ ሆና ከአናታችን ላይ ሳለች ቱቦውን ወደ እሷ አዞርኩና የቱቦውን አፍ ክዳን ሳላነሳ አባየ ጨረቃን ይዩ አልኳቸው። ጎንበስ አሉ። ዕጹብ ነው አሉ፤ ባረኩኝ። ክዳኑን አንስቼ እንደገና አስጎነበስኳቸው፤ አሁንም ዕጹብ ነው አሉ። አባትን መፈተን ነውር ነው የሚል ካለ ይበል፤ እኔ ያን ክዳን በመተዌ አልጸጸትም። ከቤቱ ጀርባ ሄጄ ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባቴ ናቸው፤ የማዶውን በሬ በቀለሙ የሚለዩት አባቴ።

እናቴን ስጠይቃት እሷም ጥርጣሬ እንደነበራት ነገረችኝ። ጠይቃቸው ተቆጥተዋት ተወችው። እኔም ጠየቅኋቸው፤ እኔንም ተቆጡኝ። ያየሁትን አየሁ ብያለሁ፣ ዓይኔ ደህና ነው ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ከስፌቱ ስገባ የሚያነጋግሩኝ ሰላምታ ብቻ ሆነ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅሁ። ነርሷ የነገርኳትን ሰምታ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፣ ከሆነ ደሴ ሄደው ይገፈፍላቸዋል፣ ብዙ ሰው ድኗል አለችኝ። ግን ደህና ነኝ የሚልን ሰው አስሮ አውቶብስ ላይ አይጫን። ዙሐል ደግሞ በየሳምንቱ ወደ ምዕራብ እየዘቀዘቀች ነው፤ ጥቂት ቆይታ ከፀሐይ ጋር ትጠልቅና ለወራት አትታይም። እኔ ግን ጣሪያው ላይ የማልኩትን አልረሳሁም። ሼሁ ዘንድ ሄድኩ።

የነገርኳቸውን ሁሉ ሼሁ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ክዳኑ ጋ ስደርስ ሊስቁ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። አውቄዋለሁ አሉኝ። ባለፈው ረመዳን ጉብታው ላይ አባትሽ ያቻት ብሎ ሲያመለክት ጣቱ ወደ አንድ ቁራጭ ደመና ነበር፤ ጨረቃዋ ከዚያ ብዙ ወደ ግራ ብላ ታይታኛለች አሉ። ሼሁ በዓይናቸው አግኝተው መሰከሩ፤ ለወዳጃቸው ግን ምንም አላሉም። ያን ቀን ይሉኝታ እኔንም ያዘኝ አሉኝ። ከዚያ ተነሱና ዛሬውኑ መግሪብን ሰግጄ እመጣለሁ አሉ።

መጡም። አባቴ ግቢው ውስጥ የድንጋይ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። ጨረቃዋ ወጥታለች። ሼሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ስለ ብርዱና ስለ ገብሱ ትንሽ ተጨዋወቱ። እኔና እናቴ ደጃፉ ላይ ቆመናል።

«ወዳጄ» አሉ ሼሁ፣ «ባለፈው ረመዳን ያሳየኸኝ ደመና ነበር።»

አባቴ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

«አውቄ ዝም አልኩህ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። አፉ በለኝ። አሁን ተራው ያንተ ነው፤ በጨረቃ አይዋሽም።»

አባቴ መልሱን የሰጡት ለሼሁ አልነበረም፤ እኔ ወደቆምኩበት ዞረው ነው።

«ቤቱ ቆርቆሮ የለውም ስንል ሄድሽ» አሉኝ። «እናትሽ ስትታመም ተመልሰሽ ሄድሽ። አሁን ደግሞ የአባቴ ዓይን ጠፋ ብለሽ ልትሄጂ ነው። ዓይኔን ብዬ ልጄን ልጣ?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የደበቁት በኩራት ይመስለኝ ነበር፤ በዓይኑ የታወቀ ሰው ዓይኔ ጠፋ ማለት ከብዶት ነው ብዬ ነበር። ለካ እኔን ለማስቀረት ነው። እንደገና ሻንጣ ይዤ ከምሄድ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ዕጹብ ነው ማለትን መርጠዋል። ሄጄ ከእግራቸው ሥር ተቀመጥኩ፤ ሕክምናው ዓረብ አገር የሚያስኬድ እንዳልሆነ፣ ከስፌቱ በማገኘው እንደሚቻል ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ማይልኝ አሉ። እኔም ዳግመኛ ጥያቸው እንደማልሄድ ማልኩላቸው። ጨረቃዋን እያየሽ ማይ አሉ። ጨረቃዋን እያየሁ ማልኩ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አነሱ፤ ወዴት ናት አሉኝ። በሕይወቴ ጨረቃ ወዴት ናት ብለው ሲጠይቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጣታቸውን ይዤ ወደ እሷ አቀናሁት። ሼሁ ጣቱን ተከትለው ቀና አሉ፤ ልክ ነው፣ እዚያ ናት አሉ። አባቴ እጃቸውን ሳያወርዱ ቆዩና፣ «ጭጋግ ነው። ሁሉም ጭጋግ ነው» አሉ።

በሳምንቱ ገና ሳይነጋ የደሴን አውቶብስ ተሳፈርን። ሼሁ መናኸሪያ ድረስ ሸኙን፤ ዱዓ አድርገውላቸው አብሽር፣ ደህና ትመለሳለህ አሏቸው። እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችን። አቀስታን አልፈን ጉጉፍቱ ደጋ ላይ ብርዱ አጥንት ሲገባ አባቴ ጋቢያቸውን ለእኔ ሊያለብሱኝ ታገሉ፤ እኔም መልሼ ለማልበስ ታገልኩ፤ እስከ ደሴ ተጨቃጨቅን። ሐኪሙ ሞራ መሆኑን አረጋገጠልን። የአንዱን ዓይን አሁን፣ የሌላውን በኋላ እናደርጋለን አለ። ሥራው እኔ ከፈራሁት ይልቅ ቶሎ አለቀ። እኔ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን ስበላ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ወጡ።

በማግስቱ ፋሻው ተነሳ። አባቴ መጀመሪያ ሐኪሙን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ ከዚያ መስኮቱን አዩ። ስለ ብርሃኑ ምንም አላሉም። ዞረው እኔን አዩኝና፣ «ሽበት አወጣሽ እንዴ?» አሉኝ። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ከተመለስኩ ጀምሮ፣ ያን ሁሉ ወር በአንድ ማዕድ ስንበላ፣ ፊቴን አንድም ቀን አላዩትም ነበር።

ቤት ስንገባ ከአቧራና ከጭስ እንዲርቁ ታዘዙ። እናቴ ምድጃው አጠገብ አታስደርሳቸውም፤ እሳቸውም ደጃፍ ተቀምጠው መንገደኛውን ሁሉ ከሩቅ እየለዩ በስሙ ይጠሩታል፤ አንዳንዱ ይደነግጣል። እኔ ግን በየምሽቱ እወጣና ዙሐል ምን ያህል እንደቀራት አያለሁ። ዝቅ ብላለች። አንዳንዱን ቀን ደመናው ይቀድመኛል። አባቴ ቱቦውን እንዳይነኩ የከለከላቸው ሰው የለም፤ እኔው ነኝ ዓይኑ ይጽና ብዬ የያዝኳቸው። እውነቱን ለመናገር ፈርቼም ነበር። መንገደኛ መለየት አንድ ነገር ነው። ቀለበቷን ባያዩስ?

ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ያደረ ዕለት ከዚህ በላይ አልቆይም አልኩ። ሼሁን ጠራሁ። ሌላ ሰው አልጠራሁም፤ ዳቦም አልተጋገረም። ፀሐይ ከሸንተረሩ ጀርባ እንደገባች ቱቦውን በባሕር ዛፍ እግሩ ላይ ተክዬ ዙሐልን ያዝኳት። ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፤ ቀለበቷ ግን አለ። ይምጡ አልኩ።

አባቴ ለሼሁ ቅደም አሉ። ሼሁ ኧረ ወላሂ አንተ ቅደም፣ ቀኑ ያንተ ነው አሉ። አባቴ ያን ቀን አላየሁም ያልክ አንተ ነህ፣ መቅደም ያለብህ አንተ ነህ አሉ። ሼሁ ሳቁ፤ አባቴም ሳቁ፤ ተያይዘው ቆሙ። ቅደም የሚል ሰው አያይም ብዬ የከለከልኩት ትዝ አለኝ፤ ሁለቱ አብረው ሲስቁ ካየሁ ግን ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና አፌን ያዝኩ። በመጨረሻ አባቴ ዱላቸውን ለእናቴ ሰጥተው ጎንበስ አሉ። ቆዩ። ራሳቸውን ትንሽ አንቀሳቀሱ፣ እንደገና አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«አላየሁም» አሉ።

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አልሆነም ማለት ነው፣ ደሴም፣ ፋሻውም፣ መሐላውም በከንቱ ነው ብዬ አሰብኩ። ጎንበስ አልኩ።

ጥቁር ነው። ዙሐል የለችም። እነሱ ቅደም ሲባባሉ ሄዳለች። አባቴ ያዩት ልክ ያለውን ነው።

መሳቅ ጀመርኩ፤ ሼሁ የማለቅስ መስሏቸው አብሽሪ አሉኝ። ማልቀሴም ነበር። ቱቦውን ብዙ ጊዜ ገፋሁት፤ አንድ ጊዜ ሸንተረሩን፣ አንድ ጊዜ ባዶ ሰማይ አየሁ። ከዚያ መጣች። አሁን ብዬ አባቴን በክንዳቸው ሳብኳቸው።

ጎንበስ አሉ። ዕጹብ ነው አላሉም። ተባረኪም አላሉኝም። እናቴ ምን ይታይሃል ብላ ጠየቀቻቸው፤ አልመለሱላትም። እንደገና ስትጠይቅ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ እንድንጠብቅ እጃቸውን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጉብን። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ዙሐል ከመሐል ወደ ጠርዝ እየተንሸራተተች እንደሆነ ሳላይም አውቃለሁ።

«ሄደች» አሉኝ፣ ዓይናቸው ቱቦው ላይ እንዳለ። «መልሻት።»

መለስኳት።